ልምምዱ ሌላ፣ ትምህርቱ ሌላ፦ ዲስግራፊያ ባለበት ቤት

ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ

የተከበራችሁ እንግዶች፣

ይህን ንግግር ወረቀት ላይ አላዘጋጀሁትም። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ወደ ስልኬ ተናገርኩት፤ ስልኩ ወደ ጽሑፍ መለሰው፤ ባለቤቴ ደግሞ የተደጋገመውን እየቀነሰች መልክ አስያዘችው። እጄ ላይ ባለችው ብጣሽ ወረቀት ጥቂት ቃላት አሉ። ከእኔ በቀር የሚያነባቸው የለም፤ አንዳንዱን እኔም አላነበውም። ዲስግራፊያ አለብኝ። ልጄም አለባት። አባቴም እንደነበረባቸው አልጠራጠርም፤ እሳቸው ግን የችግሩን ስም ሳይሰሙ አረፉ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው እንደ ባለ ችግሩም እንደ ወላጅም ነው።

ዲስግራፊያ የምንለው፣ በቂ ትምህርት ያገኘና አእምሮው የሰላ ሰው ሐሳቡን በጽሑፍ ለማስፈር ከእኩዮቹ እጅግ በጣም ሲቸገር ነው። በቤተሰብ ውስጥ ይወራረሳል። ብዙ ጊዜ ከዲስሌክሲያ (ከንባብ ችግር)፣ ከትኩረት ማጣት ወይም ከእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር ጋር አብሮ ይገኛል፤ ብቻውን የሚመጣበት ጊዜም አለ። ንባብ የማይጠግብ፣ ግን ሁለት መስመር ለመጻፍ ላብ የሚያጠምቀው ልጅ አለ። ቤተሰብን ግራ የሚያጋባው ይህኛው ነው። «እንዲህ የሚያነብ ልጅ መጻፍ እንዴት ያቅተዋል? አልፈልግ ብሎ ነው እንጂ» ያሰኛል።

የምርመራ ወረቀት ላይ ቃሉን ላታገኙት ትችላላችሁ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ጉዳዩን ከመማር እክሎች መካከል፣ በጽሑፍ ሐሳብን የመግለጽ ችግር አድርጎ ያስቀምጠዋል። የሚመለከተውም የቃላት አጻጻፍን፣ ሰዋስውንና ሥርዓተ ነጥብን፣ የሐሳብን ግልጽነትና አደረጃጀት ነው። ችግሩ የእጁ እንቅስቃሴ ከሆነ ግን ወደ ሌላ ክፍል፣ ወደ እንቅስቃሴ ቅንጅት እክል ይሄዳል። ክፍፍሉ ለሐኪሞቹ ይመቻቸው ይሆናል፤ ቤት ውስጥ ያለው ልጅ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ስለ እጁም ጠይቁ፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (የእጅንና የዕለት ተዕለት ተግባርን ክህሎት የሚያለማምድ ባለሙያ) ዘንድ ስትሄዱ ስለ ቃላት አጻጻፉም ጠይቁ። ያው መመሪያ ችግሩ ተገቢው እገዛ እየተደረገለትም ቢያንስ 6 ወር የዘለቀ መሆን አለበት ይላል። እንግዲያው ምርመራ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ትርጉም የለውም፤ ለምርመራውም ቢሆን አስቀድሞ እገዛ መደረግ አለበት።

ከባለሙያው በፊት ቤት ውስጥ ልታዩት የምትችሉት ነገር አለ። ልጁ ከመጽሐፍ የገለበጠውን፣ ሰው እየነገረው የጻፈውንና ከራሱ አፍልቆ የጻፈውን ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ግልባጩ ደህና ሆኖ የራሱ ጽሑፍ የማይነበብ ከሆነ፣ ቃሉን በአፉ ፊደል በፊደል ሲጠራም የሚስት ከሆነ፣ ዋናው መሰናክል ድምፅን ወደ ፊደል መመለሱ ላይ ነው። ግልባጩም ሥዕሉም የተንጋደደ፣ ጣቶቹ የዘገዩ፣ በአፉ ግን ፊደሎቹን በትክክል የሚጠራ ከሆነ ዓይናችን ወደ እጁ ይዞራል። ጣቶቹ እንደማንም ልጅ ፈጣን ሆነው መስመር መጠበቅ፣ በቃላት መካከል ክፍተት መተው፣ ቁጥርን ከቁጥር ሥር ማስቀመጥ ካቃተው ደግሞ የተቸገረው የወረቀቱን ቦታ በመመጠን ነው። በተግባር ሦስቱ ይቀላቀላሉ። የእኔና የልጄ እንኳ አይመሳሰልም፤ እኔ ቃል አልስትም፣ እጄ ነው የማይታዘዘኝ። እሷ ሥዕል ስትስል ለጉድ ነው፤ ቃል ስትጽፍ ግን ፊደሎቹ ይጠፉባታል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልታስተውሉት ወደምፈልገው ነገር ልግባ።

ልጄ አንድ ቀን ስለ ዝናብ አንድ አንቀጽ እንድትጽፍ ታዘዘች። ምን ልትጽፊ ነው ብዬ ብጠይቃት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጣሪያው ጠርዝ ውኃው እየተንጠባጠበ መሬቱን ሲቦረቡር፣ ጉንዳኖችም ያችን ጉድጓድ ዞረው ሲያልፉ ማየቷን ነገረችኝ። ሁለት ጉንዳኖች መንገድ ሲሰጣጡ ጭምር አስተውላለች። ከዚያ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀመጠች። እርሳሱን ጥርቅም አድርጋ ያዘች፤ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ደም እስኪርቃቸው ነጡ። ጻፈች፤ አጠፋች፤ ወረቀቱ ሳሳ። መጨረሻ ላይ የሰፈረው «ዝናብ ዘነበ። ውኃ አለ።» የሚል ነበር።

«ጉንዳኖቹስ?» አልኳት።

«ረዘመብኝ» አለች።

«እየተንጠባጠበ» የሚለውን ቃል ቁጠሩት፤ ስምንት ፊደል ነው። ሁለት ጠ አለበት። አንድ ባ እና አንድ በ አለበት፤ የሚለያዩት በአንድ እግር ርዝመት ብቻ ነው። ለእናንተ ቃሉ ሳይታወቃችሁ ከእጃችሁ ይወጣል። ለእሷ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ሥራ ነው፦ የቱ ነው፣ ከየት ይጀመራል፣ እግሩ የት ይቆማል፣ ቀጥሎ ማን ይመጣል። ቃሉን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ዋጋው ስለከበዳት ተወችው። መምህር ወረቀቱን ሲያይ የሐሳብ ድህነት ያያል። ይህ ነው የዲስግራፊያ ትልቁ በደል። የእጅ ጽሑፍ መጥፎነት በዓይን ስለሚታይ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ነው፤ ያልተጻፉትን ቃላት ግን ማንም አያያቸውም።

በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ቨርጂኒያ በርኒንገርና አብረዋቸው ያጠኑት እነ ስቲቭ ግራሃም ይህን በጥናት አሳይተዋል። በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ልጆች ፊደልን ያለ ማሰብ በፍጥነት መጻፍ መቻላቸው፣ ከሚደርሱት ጽሑፍ ርዝመትም ጥራትም ጋር በቅርብ ይያያዛል። ምክንያቱ አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር ውሱን መሆኑ ነው። ገና የመጀመሪያ ቀኑን መኪና የሚነዳ ሰው ፔዳሉንና ማርሹን እያሰበ ጨዋታ ጀምሩለት፤ ወይ ጨዋታው ይቋረጣል ወይ መኪናው ይጠፋል። ዲስግራፊያ ያለበት ልጅ በጻፈ ቁጥር የመጀመሪያ ቀኑ ነው።

በትምህርት ቤት ደግሞ ከመጻፍ የሚያመልጥ ትምህርት የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች የተደረገ ጥናት፣ ልጆች ከትምህርት ቀናቸው ከ31 እስከ 60 በመቶ የሚሆነውን በጥቃቅን የእጅ ሥራ እንደሚያሳልፉ አግኝቷል፤ የአንበሳውን ድርሻ የያዘው በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራው ነው። ሳይንሱም፣ ታሪኩም፣ ሒሳቡም በእጅ በኩል ነው የሚያልፈው። በዚያ ላይ ፍርዱ አለ። ግራሃምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስበው እንዳሳዩት፣ ይዘቱ አንድ የሆነ ድርሰት በማይነበብ እጅ ጽሑፍ ሲቀርብ አነስተኛ ነጥብ ይሰጠዋል። አራሚዎቹ ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሲያነቡ የደከማቸውን ያህል ጸሐፊው ያልደከመ ስለሚመስላቸው ነው። ነገሩ እኮ ተገላቢጦሽ ነው።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? እኛ ቤት የሠራው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመነጫል፦ የመጻፍ ልምምዱንና ትምህርቱን መለየት። ልጅ እርሳስ ባነሳ ቁጥር «አሁን የምንሠራው እጅሽን ለማለማመድ ነው ወይስ የምታውቂውን ለማሳየት?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ መጠየቅ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ልምምዱን በተመለከተ የሚባክን ጊዜ ብዙ ነው። ጨሌ ማሰካካት፣ ጭቃ መጠፍጠፍ፣ ላስቲክ መጭመቅ ለጣት ጥንካሬ ይታዘዛሉ። ለጨዋታ መልካም ናቸው። ግን ግራሃምና ሳንታንጄሎ እ.ኤ.አ. በ2016 ጥናቶቹን ሲመዝኑ፣ የጣት እንቅስቃሴ ሥልጠና ብቻውን የእጅ ጽሑፍን አላሻሻለም፤ ያሻሻለው የእጅ ጽሑፍን ራሱን ማስተማር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሌላ የጥናቶች ግምገማም ከ20 ያነሱ የልምምድ ጊዜያት የነበሯቸው ሥልጠናዎች ውጤት እንዳላመጡ አግኝቷል። ስለዚህ አጭር ሆኖ የማይቋረጥ ልምምድ ይሻላል፤ አሥር ደቂቃ በቂ ነው፣ ግን በየዕለቱ። እነ በርኒንገር ከሞከሯቸው ዘዴዎች ጥሩ ውጤት ያመጣው ይኸውላችሁ፦ የፊደሉ አጻጻፍ ቅደም ተከተል ቁጥር ባላቸው ቀስቶች ይታያል፤ ልጁ ያየዋል፤ ይሸፈናል፤ ከትዝታው ይጽፈዋል፤ ተገልጦ ይተያያል። መሸፈኑ ነው ቁም ነገሩ። እያዩ መገልበጥ እጅን ያንቀሳቅሳል እንጂ ፊደሉን ከአእምሮ ማውጣትን አያለማምድም። ከ231ዱ የፊደል ገበታ ሁሉን ከሀ እስከ ፐ መደርደርም አያስፈልግም፤ ልጁ ሲጽፍ የሚቆምባቸውን አራት አምስት ፊደላት ያዙና ከእነሱ ጀምሩ።

እርሳስ አያያዝን በሚመለከት እግረ መንገዴን ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ የሚፈሰው እንባ ያሳዝነኛል። ሦስት ጣት የግድ ነው ይባላል። አራት ጣት የሚጠቀሙና አውራ ጣታቸውን በጎን የሚያስደግፉ ልጆች በጥናት ሲታዩ፣ በፍጥነትም በመነበብም ከሌሎቹ የተለዩ ሆነው አልተገኙም። ልጁ ካላመመውና ካልደከመው አያያዙን ተዉለት። «መቶ ጊዜ ጻፍ» የሚለውን ቅጣትስ ምን ልበለው? ለዚህ ልጅ ቅጣቱ ከሌሎቹ እጥፍ ነው፤ የሚያስተምረውም እርሳስን መጥላት ነው።

ትምህርቱ ሌላ መንገድ አለው። ልጁ ይናገራል፣ እናንተ ትጽፋላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ የተናገረውን እንዳለ መጻፍ። አታሳምሩ፣ የጎደለ አትሙሉ፣ «እንዲህ ብትለው አይሻልም?» አትበሉ። ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ እሱ ይንገራችሁ፤ አራት ነጥቡን እሱ ይዘዝ። ከዚያ አንብቡለትና የሚለውጠውን ይለውጥ። የዝናቡን አንቀጽ ልጄ በዚህ መንገድ ነገረችኝ፤ ጉንዳኖቹ ከነመንገድ መሰጣጣታቸው ገቡ። ከሥሩ «ሐሳቡና ቃላቱ የእሷ ናቸው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። መምህሯም ሳይደብቁ የነገሩትን ነገር በቅን ልቦና ተቀበለች።

ለሒሳብ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ተአምር ይሠራል፤ በአንድ ሳጥን አንድ አኃዝ። ከጥቁር ሰሌዳ መገልበጥ ትምህርት አይደለምና ማስታወሻውን ፎቶ ማንሳት ወይም ከመምህሩ ቅጂ መውሰድ ይበቃል። ጽሑፍ ስታርሙ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ዛሬ ክፍተት ከሆነ ክፍተት ብቻ፤ ቀዩን እስክሪብቶ አታዝንቡበት።

ኮምፒውተርም ብዙ ይረዳል፤ ግን ልጁ ፊት አስቀምጦ መሄድ አይደለም። በአንድ ጣት ፊደል እየፈለገ የሚተይብ ልጅ ከእርሳስ ወደ ሌላ እርሳስ ነው የተሸጋገረው፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ትየባም እንደ ፊደሉ በአጭር አጭሩ ይለመዳል፤ ከእጁ ጽሑፍ መፍጠን ሲጀምር ያኔ ለትምህርቱ ይውላል። በድምፅ ማስጻፍም እንዲሁ ነው። ስልክ ጉሮሮ ስንጠርግ ሳይቀር ለመጻፍ ይሞክራልና የወጣውን ማንበብና ማረም መለመድ አለበት።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳው ተቃውሞ ይመጣል፦ «እንዲህ ከደገፍነው ሳይለምድ ይቀራል»። አይቀርም፤ ልምምዱ እኮ አልቆመም፤ ሰዓቱ ተለየ እንጂ። እኔ ራሴ «እርሳስ ይጣል፣ ዘመኑ የማሽን ነው» ከሚሉት ጋር አይደለሁም። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ካሪን ጄምስ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ገና ማንበብ የማይችሉ የአምስት ዓመት ሕፃናት ፊደልን በእጃቸው ሲጽፉ፣ ሲተይቡና በተሳለ መስመር ላይ ሲያስኬዱ ቆይተው አእምሯቸው በምስል ማንሻ መሣሪያ ታየ። በኋላ ፊደሉን ሲያዩ በማንበብ ጊዜ የሚሠሩት የአእምሮ ክፍሎች የነቁት በእጃቸው ለጻፏቸው ፊደላት ነበር። የእጅ ጽሑፍ ለንባብም ይጠቅማልና ከልጁ አንነፍገውም። ግን ሳይንስ ለመማር የእጅ ጽሑፉ እስኪያምር ይጠብቅ አንልም።

ሌላው ቤተሰብን የሚያጣላው ነገር መለዋወጡ ነው። «ትናንት አሳምረሽ ጽፈሽ ነበር፤ ዛሬ ምን ሆነሽ?» ይባላል። ትናንት ያማረው ያላትን ኃይል ሁሉ ስላፈሰሰችበት ነው። ይህ ልጅ ቢፈልግ እንደሚችል አያሳይም፤ ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ነው የሚያሳየው። ጥሩ የተጻፈውን ገጽ ማስረጃ አድርጋችሁ አትክሰሱበት፤ ሁለተኛ አሳምሮ አይጽፍላችሁም።

ስለ አዋቂዎችም ልናገር፤ ብዙውን ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። አባቴ ቅጽ መሙላት ሲመጣ «መነጽሬን ረስቼዋለሁ» ይሉ ነበር። መነጽሩ ኪሳቸው ውስጥ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚኖረው ችግር ከእጁ ይልቅ መደበቁ ነው፦ ስብሰባ ላይ ማስታወሻ ያዥ እንዳይባል ከኋላ መቀመጥ፣ ሰሌዳ ላይ የሚያስጽፍ ሹመት አለመቀበል፣ የልደት ካርድ ላይ ስም ብቻ መፈረም። እኔ ባንክ ስገባ ከጥቃቅኖቹ ሳጥኖች ጋር መታገል ትቻለሁ። «እጄ ለመጻፍ ይቸገራል፤ እኔ ልንገርዎትና ቢሞሉልኝ» እላለሁ። ምክንያት አልደረድርም፤ ይቅርታም አልጠይቅም። አብዛኛው ሰው ብዕሩን አንስቶ ይጀምራል።

ለትዳር ጓደኛ የምለው፦ ብዕሩን ከእጁ አትንጠቁ። «ልጻፍልህ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው፣ «ስጠኝ እስኪ» ማለት ሌላ። እኛ ቤት ሥራው በግልጽ ተከፋፍሏል፤ ቅጽና ፊርማ ያለበት ደብዳቤ የባለቤቴ ነው፤ ስልክ መደወልና ተከራክሮ ማስረዳት የእኔ ነው። መልእክት ስንለዋወጥ እኔ በድምፅ እልካለሁ፣ እሷ በጽሑፍ ትመልሳለች። ወንድምና እኅት ላሏቸው ልጆችም ነገሩ ይነገራቸው፤ የአንዱ የቤት ሥራ በአፍ፣ የሌላው በእጅ የሚሆንበትን ምክንያት ካላወቁ አድልዎ ነው የሚመስላቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እስካሁን ያወራነው ከልጅነት ጀምሮ ስላለ ችግር ነው። ደህና ሲጽፍ የኖረ አዋቂ በድንገት መጻፍ ካቃተው ግን ዲስግራፊያ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላልና ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ነው። የእጅ ጽሑፉ በጊዜ ብዛት እያነሰ እያነሰ የሚሄድ ሰውም የነርቭ ሐኪም ይየው፤ የፓርኪንሰን ሕመም አንዱ ምልክት ይህ ነውና።

ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ልመና ይዛችሁ አትሂዱ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ተማሪው እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ይደነግጋል። ከሕጉ ይበልጥ መምህርን የሚያሳምነው ግን ማስረጃ ነው። በአንድ ርዕስ ላይ፣ በእኩል ደቂቃ፣ ልጁ በአፉ የተናገረውንና በእጁ የጻፈውን ሁለት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን አስቀምጡና ዝም በሉ። ከዚያ የምትጠይቁትን በስሙ ጥሩት፦ የሳይንስ መልሱን በቃል ይመልስ፣ የሳይንስ ነጥቡ በእጅ ጽሑፉ አይቀነስ፣ ማስታወሻ በቅጂ ይሰጠው።

ተጨማሪ ሰዓት ሁሉም የሚጠይቀው፣ ትምህርት ቤቶችም ቶሎ የሚሰጡት ነው፤ እኔ ግን በጥርጣሬ ነው የማየው። ቃላት ለማስታወስ ለሚዘገይ ልጅ ጠቃሚ ነው። እጁ ለሚያመው ልጅ ግን ተጨማሪ ሰዓት ማለት ተጨማሪ ሕመም ነው፤ እሱ የሚፈልገው ጥቂት መጻፍን ነው። የትኛው እንደሚሆን የሚታወቀው በመሞከር ነው። ለፈተና የምትጠይቁት ድጋፍ ሁሉ ቀደም ብሎ በክፍል ውስጥ፣ ነጥብ በማይያዝበት ሥራ ላይ ተሞክሮ ይታይ። ጸሐፊ ተመድቦለት ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተናው ዕለት የሚያገኘው ልጅ፣ ለማያውቀው ሰው መናገር አፍሮ ዝም ይላል። ከጸሐፊው ጋር አስቀድመው ይተዋወቁ፣ ጥቂት ጊዜም አብረው ይሥሩ።

የተዘጋጀሁበት ይህ ነው። ማይክሮፎኑ እየዞረ ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ።